አባ ድንጋይ የሞተበት ዓመት

ጠራቢዋ የመቃብር ጽሑፍ ስትቀበል ከላይ አትጀምርም። ከግርጌ ነው የምትጀምረው። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ ደቃቅ ስለሆነና ቦታ የሚጠበውም እዚያ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ፊደል በፊደል ትቆጥራለች፤ ከዚያ መስመር በመስመር ወደ ላይ ትወጣለች። ከአባቷ የተማረችው ይህንኑ ነው። ያን ዕለት ጠዋትም የመስፍኑ ቤት አዛዥ ያመጣላትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ እየነካች ከግርጌ መቁጠር ጀመረች። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የቆጠረችው የራሷን ስም ነበር።

«ይህን መታሰቢያ ያቆመች የሟቹ አንድ ልጅ» ይላል፤ ቀጥሎ እሷ።

ዓይኗን ወደ ላይ ወረወረች። ሟቹ የጦር አለቃ ነው። በሩቅ አገር ሲዋጋ በክብር ወድቋል። የሁለት ታላላቅ ቤቶች የልጅ ልጅ ነው። ስሙ የአባቷ ስም ነው፤ ማዕረጉና አያቱ ግን የሰው።

ክው አለች። አባቷ ከኋላዋ እያፏጨ እብነ በረድ ያለሰልሳል።

«ምነው? ጽሑፉ አይነበብም?» አለ ስሟን የማያውቀው አዛዥ፤ አቧራ እንዳይነካው የካባውን ጫፍ ሰብስቦ እንደ ቆመ ነው።

«ይነበባል። የማን መቃብር ነው?»

«የአዲሷ ሙሽራ አባት። የሙት ልጅ ናት አሉ። እንግዶቹ ከሠርጉ በፊት አበባ ሊያኖሩበት ይፈልጋሉ። በአሥር ቀን ይድረስ።»

«አስከሬኑስ የት ነው?»

«አስከሬን ምን ያደርግልሻል? አንቺ ድንጋዩን ጥረቢ!» ብሎ ወደ በሩ ዞረ። «ደግሞ አንድ ፊደል እንዳትስቺ፤ ጌታዬ በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት።»

ባይነግራትም ታውቀዋለች። ያ የእጅ ጽሕፈት መሮዎቿን በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሃያ ጊዜ ተቀምጧል። ሃያ ደብዳቤ። በሃያውም ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል አግኝታበት አታውቅም።

«ፍቅር ዘር አይቆጥርም» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ዘራቸውን ሌላ ሰው ቆጥሮ የጨረሰላቸው ናቸው። ደብዳቤዎቹን የጻፈላት የመስፍኑ ወራሽም እንዲህ እያለ ነው የመጣው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በአያቱ መቃብር ላይ ዝናብ የበላቸውን ፊደላት የሚያድስ ሰው ፈልጎ ነጭ ጓንት እንዳደረገ ወደ ድንጋይ መጥረቢያ ቤታቸው ገባ። ሰፈሩ ሁሉ አባ ድንጋይ የሚለው አባቷ አየውና፣ «ነጭ ጓንት አድርጎ እዚህ የሚገባ ወይ አብዷል ወይ ወዷል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ባለጓንቱ ሆኖ ቀረ።

ባለጓንቱ ግን ጓንቱን አወለቀ። ለአንድ መቃብር አሥር ቀን ተመላለሰ፤ መቃብሩ ታድሶ ካለቀም በኋላ አልቀረም። መሮ አያያዝ አስተምሪኝ አላት። «መዶሻውን አትይ፤ የመሮውን ጫፍ ብቻ እይ። መዶሻው መንገዱን ያውቃል» አለችው። በስብርባሪ ላይ እየተለማመደ አውራ ጣቱን አደቀቀና ሳቀ። ጌታዬ ትለው የነበረው አንተ ሆነ። አገባሻለሁ አላት፤ እናቱ የጠራቢ ልጅ አይሆንም ብለው እምቢ አሉ፤ ዓመት ሙሉ ተሟገታቸው። ባለፈው ሳምንት ሮጦ መጥቶ፣ «እናቴ እሺ አለች! መላ አገኘሁ!» ብሎ ግንባሯን ስሟት ሄደ። መላው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። የደስታ መላ ይጠየቃል እንዴ?

ወረቀቱን አጣጥፋ ከሽርጧ ኪስ ልትከት ስትል አባ ድንጋይ ከኋላዋ እጁን ሰደደ።

«አምጪው እስቲ።»

«ተወው አባዬ፣ ተራ ሥራ ነው።»

«ተራ ሥራ እንዲህ ፊት ያገረጣል?» ብሎ ነጠቃት። እሱም ከግርጌ ጀመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲንቀሳቀስ አየችው። መዶሻው ከጉልበቱ ላይ ተንሸራቶ መሬት ሲመታ እንኳ አላነሳውም።

«ታውቂ ኖሯል?» አላት በመጨረሻ።

«በእናቴ አጥንት አላውቅም!»

ፊቷን አጥንቶ አመናት። ከዚያ ድንገት ሳቀ። «ኧረ የጦር አለቃ ሆኛለሁ እናንተ! አንድ ቀን ሳልዘምት!»

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም! በቁምህ እየቀበሩህ ነው!»

«ትወጂዋለሽ?»

መዋሸት አትችልበትም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፈረች።

«እንግዲያስ ልሙትልሽ» አለ፤ መዶሻውን እያነሳ። «አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ዋሽቻለሁ። ያን ሚስቱን ሲቀጠቅጥ የኖረ ባለወፍጮ ‹ርኅሩኅ› ብዬ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አገር ያስለቀሰውን ዳኛ ‹የድኾች አባት› ያልኩት እኔው ነኝ። ለባዳ የዋሸሁ ለልጄ ብዋሽ ማን ምን ይለኛል?»

ለመነችው፤ አለቀሰች፤ መሮውን ደበቀችበት። ሌላ መሮ አወጣ። አባ ድንጋይ ስሙን ያገኘው በሥራው ብቻ አይደለም።

ሁለት ቀን ሙሉ ስሙን፣ የሰው ማዕረግ፣ የሰው አያትና ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ቀረጸ። እያፏጨ ነበር። እሷ ዕቃ ለማንሳት ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ከድንጋዩ ታሸሻለች። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ፉጨቱ ቀጥ አለ።

ዞር ብላ አየችው። የሞቱ ዓመት ብቻ ቀርቶታል፤ አራት አሃዝ። መሮው እንደ ተደገነ፣ መዶሻው እንደ ተነሣ ነው።

«እናትሽ የሞተችበት ዓመት ነው» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ወረቀቱ ላይ አይቼው ነበር። ማንበብና መቅረጽ ግን አንድ አይደለም።»

ጠራቢዋም አይታው ነበር፤ ሦስት ቀን ውስጧን ሲያቃጥላት የከረመውም ይኸው ነው። ያን ዓመት እሷ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷን ትኩሳት ወሰዳት። የሚይዛት ዘመድ ስላልነበረ አባቷ ከሳንቃ ሣጥን ሠርቶ፣ ውስጡ አስቀምጧት፣ ፍንጣሪ ዓይኗን እንዳያጠፋው በራሱ መሐረብ ሸፍኗት ቀኑን ሙሉ ይቀርጽ ነበር። አንድ ጊዜ መሐረቡን ስትገልጥ የተፈናጠረ ጠጠር ቅንድቧን ሰነጠቃት። ጠባሳው ዛሬም አለ።

«በዚህ ዓመት ከሞትኩ» አለ አባ ድንጋይ፣ «ሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጠሽ ማነው?»

ይህ ጥያቄ እንጂ ቀልድ አልነበረም። መሮውን በእርጋታ አስቀመጠ። «ሌላው ሁሉ ይሁን። ይህን ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ያኔ ነው አንድ ሠረገላ ደጃፍ የቆመው።

ባለጓንቱ ፊቱ በደስታ በርቶ ገባ። ድንጋዩን አየና «አቤት ማማሩ!» አለ። ከዚያ አባ ድንጋይን አቅፎ ትከሻውን ሳመው። «አባባ፣ ይህን ውለታዎን አልረሳም። ከአትክልቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤት አሳድሼልዎታለሁ። እርጅናዎን በሰላም ይኖሩባታል።»

«እንደ ምን ሆኜ?» አለ አባ ድንጋይ።

«እንደ… የልጅነቷ አሽከር። አሳዳጊዋ። ያኔ በየቀኑ ብታይዎት ማንም አይጠረጥርም።» ወደ እሷ ዞረ። «ሁሉንም አስቤዋለሁ፤ አንድ ቀዳዳ አልቀረም።»

ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ እናቱ አስገድደውት ነው፣ ሲገባ ዓይኑን ይሰብራል ብላ ነበር ሦስት ቀን ያሰበችው። ሰውዬው ግን ስጦታ ያመጣ ሰው ፊት ነው ያለው።

«ዓመቱን ማን መረጠው?» አለች እንደ ምንም።

«እኔ ነኛ!» ድምፁን ለስለስ አደረገ። «የቅንድብሽን ታሪክ ነግረሽኝ የለ? እናትሽ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ፣ ስለ አባትሽ ሲጠይቁሽ የምታለቅሺው እንባ እውነተኛ ይሆናል ብዬ።»

አባ ድንጋይ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እሷ ጠረጴዛውን ያዘች። ያን ታሪክ ለሌላ ሰው ተናግራ አታውቅም። በዓለም ላይ የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ሰምቶም ቅንድቧን በጣቱ ዳስሶ ነበር። ለካስ ሲዳስስ ዕቃ እየመረጠ ኖሯል።

መሮውንና መዶሻውን አንሥታ ዘረጋችለት።

«ዓመቱ ቀርቷል። አባቴ እጁ ደክሟል። አንተ ቅረጸው።»

በልቧ፣ እምቢ በለኝ፣ አለች። ባክህ ጣለው። በል ጣለው፤ እኔም ሁሉን እረሳዋለሁ።

ባለጓንቱ ጓንቱን አወለቀ። በእርጋታ፣ ጣት በጣት። ተንበረከከ። መሮውን ልክ እንዳስተማረችው አዘነበለ። መዶሻውን አላየም፤ የመሮውን ጫፍ ብቻ ነው ያየው። እያንዳንዱ ምት በሰውነቷ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማታል። የመጀመሪያውን አሃዝ ጨረሰ። አቧራውን እፍ ብሎ አባረረ፤ ይህንንም ያስተማረችው እሷ ናት። ቀና ብሎ እንደ ተማሪ ፈገግ አለ።

«አየሽ? አልረሳሁም።»

አሃዙ ጥርት ያለ ነበር። ጠርዙ አልተሸረፈም፤ ጥልቀቱ እኩል ነው። «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ከአፏ አመለጣት፤ የሙያ ነገር ሆኖባት። ቀጥሎ የመጣውን ግን አውቃ ነው የተናገረችው።

«ጌታዬ፣ መሮውን ያስቀምጡልኝ።»

ፈገግታው ደረቀ። «ምን አልሽኝ?»

«አባቷን ለገደለባት ሰው የተዳረች ሴት በየትኛው ቤት አይተዋል?»

«እብድ ነሽ? ማን ሞተ? ይኸው ተቀምጧል! ለወጉ ያህል የተጻፈ ነገር ነው!»

«ተቀርጿል እንጂ አልተጻፈም። በእርስዎ እጅ፤ እኔ አስተምሬዎት።»

«ለአንቺ ስል እኮ ነው! ለአንቺ ስል እናቴን አሸንፌያለሁ!»

«እናትዎን አላሸነፉም። አባቴን ሰጥተዋቸው ነው የታረቁት።»

አባ ድንጋይ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ልጄ፣ በኔ ሰበብ ትዳርሽን…»

«አንተ ዝም በል!» አለችው፤ እንባዋ በአቧራው ላይ መንገድ አውጥቶ እየወረደ። «ሙት አይናገርም።»

አባ ድንጋይ ክው ብሎ አያት። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እየሳቀ አለቀሰ። ባለጓንቱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ እንደ ፈዘዘ ቆየ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ዓመት ሙሉ የተሟገተው፣ መላ የፈጠረው፣ ተንበርክኮ የቀረጸው እሱ፤ የተበደለውም እሱ ነው። ይህን ፊቱ ላይ አነበበችው፤ ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጣትም ይኸው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር።

«ትጸጸቻለሽ» ብሎ ወጣ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ሠረገላው ጥጉን እስኪዞር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሣች።

«ኧረ ተይ!» አለ አባ ድንጋይ እጇን ይዞ። «እንዲህ ያለ እብነ በረድ ይሰበራል? ጀርባው ንጹሕ አይደል?»

በብረት ዘንግ ፈንቅለው፣ ተጋግዘው ገለበጡት። ከመገልበጡ በፊት ጣቷን በዚያች አሃዝ ላይ አሳለፈች። የተዛነፈ ነገር የለበትም። እንዲህ ያለ እጅ፣ አለች በልቧ፤ እንዲህ ያለ ጥሩ እጅ።

የመስፍኑ ሰዎች ድንጋዩን ፈልገው አልመጡም። በሁለት ግንድ ላይ አጋድመው መሥሪያ ጠረጴዛ አደረጉት፤ ጽሑፉ ወደ ምድር፣ ጀርባው ወደ ሰማይ። ምሳቸውንም እዚያው ላይ ይበላሉ። አባ ድንጋይ ፍርፋሪውን በመዳፉ እየጠረገ፣ «በገዛ መቃብሩ ላይ ጠግቦ የሚነሣ የጦር አለቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል።

እሷም ትስቃለች። ጣቷ ግን አንዳንዴ ሳታስበው ከጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ አንዲቱን አሃዝ ዳስሶ ባዶ ወደሆኑት ሦስት ቦታዎች ያልፋል፤ ያኔ ድንግጥ ብላ እጇን ትሰበስባለች።