እትዬ ፋንቱን የጠየቀ የለም

አቶ ብዙነህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ሲወድቁ ልጃቸው ሰብለ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለው የልብስ ማስተካከያ ሱቋ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ነበር። አልደወሉላትም። ስልካቸው ሳሎን ቀርቷል። ማታ ገብታ "አባዬ!" ስትል መልስ ያገኘችው ከወለሉ ነው።

"እዚህ ነኝ፤ አትደንግጪ። ተጋድሜ ጣሪያ እያየሁ ነው።"

የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። እኚህ ሰው በጉልምስናቸው የቴሌ መስመር ሠራተኛ ሆነው ከጎጃም እስከ ወለጋ የስልክ ምሰሶ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ናቸው፤ አንድም ቀን ወድቀው አያውቁም። ሆስፒታል እጃቸው ሲታሰር "ከምሰሶ ያልወደቅሁት ሰውዬ ከመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ልውደቅ?" ብለው ቀለዱ። ሰብለ ለመሳቅ ሞከረች።

ይህ የሆነው በ2021 ኤፕሪል ላይ ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቀን ቀን ብቻቸውን መዋል የለባቸውም አለ። ሰብለ ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ልጇ አርሴማ ሌላ ስቴት ኮሌጅ ናት። ሲያትል ያለው ወንድሟ ኤርምያስ "የሽማግሌዎች ቤት? በፍጹም! ሰው ምን ይለናል?" አለ፤ እሱ ጋ ይምጡ ግን አላለም። የሆስፒታሏ ሶሻል ወርከር ቤክስሊ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ስላለ አንድ አሲስትድ ሊቪንግ፣ እገዛ የሚሹ አረጋውያን ስለሚኖሩበት ቤት፣ ነገረቻት። የራሳቸው ክፍል ይኖራቸዋል፣ የሚያግዛቸው ሰው ደግሞ ቀንም ሌትም አለ።

ሰብለ ያንን ቤት በስም ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው እትዬ ፋንቱ እዚያ ከገቡ ቆይተዋል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቷ ክፍላቸው ገብተው ጋደም ሲሉ፣ የእትዬ ፋንቱ ልጅ ሂሩት ጋ ደወለች። እጇ መርፌና ክር ስለያዘ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ሰብልዬ፣ እንዳታደርጊው" አለች ሂሩት ገና ሳትጨርስላት። "እኔ እናቴን እዚያ አስገብቼ ሰላም አላገኘሁም።"

"ምን ሆነው ነው?"

"ኮቪድ መጣና በሩን ዘጉት። እዚህ ፖላሪስ ካለው ሥራዬ ስወጣ እየሄድኩ፣ ውጭ ሣሩ ላይ ቆሜ በመስኮት ነበር የማያት። እሷ ከውስጥ እጇን ታነሳልኛለች፣ እኔ ከውጭ። የምትለው አይሰማኝም። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ብገባ ፀጉሯን ቆርጠውታል! ያንን የመሰለ ፀጉር! ስትፈታው ወገቧ ይደርስ ነበር እኮ። ማን ፈቀደላችሁ ብዬ ስጮህ እርስ በርስ ይተያያሉ።"

"ወንድምሽስ ምን አለ?"

"'ፀጉር ነው፣ ያድጋል' አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንነጋገርም።"

ሰብለ ስልኩን ከዘጋች በኋላ መርፌውን እንደያዘች ቆየች። የአባቷን ነጭ ጢም ማን ያለ ፈቃዳቸው ይላጨው ይሆን ብላ አሰበች። ጢማቸውን ራሳቸው በመቀስ እያስተካከሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በመስታወት ፊት የሚቆሙ ሰው ናቸው።

በማግሥቱ ግን ወንድምየውንም ልስማ ብላ ሄደች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነዳጅ ማደያ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ባንኮኒው ጀርባ ወንበር ሰጧት።

"ሂሩትን አነጋግረሻታል ማለት ነው" አሉ። "እሷ ያየችውን አይታለች፤ አልክድም። ግን እናታችን እሷ ቤት ሳለች ምን እንደሆነ አታውቅም። ሂሩት ሥራ ስትገባ እማዬ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ብቅ ብል የጋዙ ምድጃ እየነደደ እሷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ድስቱ ከስሏል። አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ድስቱን ወስጄ ጣልኩት።"

"ሂሩት አታውቅም?"

"እንዴት ልንገራት? ዕድሜ ልኳን ራሷን ትወቅሳለች። ለዚህ ነው እማዬ እዚያ ትግባ ብዬ ድርቅ ያልኩት። ያ ሁሉ ሰው በሽታው ሲወስደው እናቴ አለች። እኔ ከምስጋና በቀር የምለው የለኝም።" ደንበኛ ገባና ተነሡ። "ምክሬን ከጠየቅሽኝ አስገቢያቸው" አሏት ከባንኮኒው ዞር ብለው።

ሰብለ ስትመጣ ከነበረችው የባሰ ተደናግራ ወጣች። ሁለቱም ያዩትን ነው የነገሯት፤ ሁለቱም እናታቸውን ይወዳሉ። ማታ ለአባቷ ሾርባ እያቀረበች ከየት እንደምትጀምር ስታስብ እሳቸው ቀደሟት።

"ሰይፈሥላሴስ ምን አለሽ?"

"አባዬ! እሱ ጋ እንደሄድኩ ማን ነገረህ?"

"ማንም። እህቱን ከሰማሽ በኋላ እሱን ሳትሰሚ እንደማትቀሪ አውቃለሁ።"

"ከሂሩት ጋ ስነጋገር ተኝተህ አልነበር?"

"ዕድሜውን በስልክ ሥራ የጨረሰ ሰው፣ ስልክ ሲነጋገሩ እየሰማ ይተኛል?" አሉና ማንኪያውን አስቀመጡ። "ለእኔ ስታስቢ ሁለት ሰው ጠየቅሽ። ወይዘሮ ፋንቱን ግን የጠየቀ የለም። ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት እሳቸው፣ የምገባውም እኔ። ውሰጂኝና ራሴ ልጠይቃቸው።"

ሰብለ ከጎናቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለካ አባቷንም እስካሁን አልጠየቀቻቸውም ነበር።

ጁን ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ቤቱ ለጎብኚ ከተከፈተ ወራት ቢያልፉም ሁሉም ማስክ አድርጓል። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢ ዛፍ ሥር ወንበር ቀረበላቸው፤ እትዬ ፋንቱ ነጠላቸውን ተከናንበው መራመጃቸውን እየገፉ መጡ። ጤና ይስጥልኝ ለረጅም ጊዜ ተባባሉ፤ በሞት የተለዩትን አንድ በአንድ አነሡ። ከዚያ አቶ ብዙነህ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

"ወይዘሮ ፋንቱ፣ ልጄ እዚህ ልታስገባኝ እያሰበች ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።"

እትዬ ፋንቱ ሰብለን አየት አደረጉ። "እሷም ትስማ?"

"ትስማ እንጂ።"

"እንግዲያው ምግቡ ጨው አልነካውም። ድንቹን እንደ ጭቃ ያቦኩታል" ብለው ጀመሩ። "መጥሪያውን ስጫን ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ሲመቻቸው። ሌሊት አንዲት የጋና ልጅ አለች፣ እግሬን ታሽልኛለች፤ እሷ የማትገባ ዕለት አይነጋልኝም። መጀመሪያ ገላዬን ሲያጥቡኝ አፍሬ አልቅሻለሁ። አሁን ለምጄዋለሁ። ክፉዎች አይደሉም። ግን ይኸውልዎ፣ ሰው ሞልቶ የሚያጫውተኝ የለም። ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ፣ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ አለቀ።"

"የተዘጋው ጊዜስ?"

እትዬ ፋንቱ መራመጃቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዱ ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሞተች፤ ወንበሯን ሲያወጡት በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።"

ሰብለ ዝም ማለት አልሆነላትም። "እትዬ፣ ያኔ ነው ፀጉርዎን ያለ ፈቃድዎ የቆረጡት?"

"ማን አለ?"

"ሂሩት።"

እትዬ ፋንቱ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። ፀጉራቸው ሸብቶ፣ አጭር ሆኖ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ታየ።

"ቁረጡልኝ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ፀጉሬን የምትሠራኝ ሂሩት ነበረች። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም። በሩ ሲዘጋ ማን ያበጥረው? እጄ ወደ ላይ አይነሣልኝም። ተንጨባረረ። እሷ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆማ ራስ ራሴን እያየች ታለቅሳለች። ድምፅዋ ባይሰማኝም ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ልጄ እንዲህ ስትሆን ከማይ ይቆረጥ፣ ነጠላዬን ስከናነብበት አታየውም አልኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯትም?"

"የገባች ቀን ጮኸችባቸው። በእንግሊዝኛ ነው፤ ምን እንደምትል እስኪገባኝ ጨርሳለች። እኔ ነኝ ብላት ያን ሁሉ ሰው ሰድባ ልታፍር ነው። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቆየ። ሲቆይ ደግሞ እንዴት ብሎ ይጀመራል?"

አቶ ብዙነህ ደህና እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። "ስልክሽን አምጪው።"

"አሁን ሥራ ላይ ናት" አሉ እትዬ ፋንቱ ፈርተው።

"ይደወልላት። እኛ አጠገብዎ ነን።"

ሰብለ ደውላ ስፒከር ላይ አደረገችው፤ ሂሩት አነሣች። እትዬ ፋንቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለሰብለ የነገሯትን ሁሉ ለልጃቸው ነገሯት። ከዚያኛው ወገን ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

"እማዬ፣ የትም እንዳትሄጂ፤ መጣሁ" አለች ሂሩት።

"ወዴት እሄዳለሁ ልጄ?" አሉ እትዬ ፋንቱ፤ ያኔ ዕንባቸው መጣ።

ሂሩት የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች፣ የስም መለያዋ ደረቷ ላይ እንዳለ ደረሰች። ማንንም ሰላም አላለችም። ቀጥታ ሄዳ እናቷ ፊት ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ያንን አጭር ፀጉር በመዳፏ ዳበሰችው። አባትና ልጅ ተያይተው ቀስ ብለው ወጡ።

መኪና ውስጥ አቶ ብዙነህ ቀበቷቸውን በደህና እጃቸው አሰሩ።

"አባዬ፣ እምቢ ማለት ትችላለህ" አለች ሰብለ። "ሱቁን ዘግቼ ቤት እውላለሁ።"

"አውቃለሁ፤ ታደርጊዋለሽ።" በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው። "ወለሉ ላይ ተኝቼ የዋልኩ ዕለት ምን ሳስብ እንደነበር ታውቂያለሽ? ሞትን አይደለም። በሩን ከፍተሽ ስታዪኝ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ነበር የማስበው። ከዚያም አየሁት። ሁለተኛ እንዲያ ሆኖ ላየው አልፈልግም።"

ሰብለ በዕንባ መንገዱ አልታይ ስላላት አንድ የሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ገብታ ቆመች። መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"እገባለሁ" አሉ ከዚያ። "ጨው ይዤ። ግን አንድ ነገር ማዪልኝ። በሩ ዳግመኛ የሚዘጋ ከሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት መጥተሽ ውሰጂኝ። በመስታወት አንተያይም።"

"እወስድሃለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው።"

ከዘመን መለወጫ በኋላ ገቡ። ቀላል አልነበረም። ቀን ቀን ሱቁ እየደወሉ ስለ ሾርባው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ጩኸት፣ ካልሲያቸውን ስላጠፋችው ልጅ ይነግሯታል። አንድ ቀን "ነይና ውሰጂኝ" ብለው ዘጉት። ደንበኞቿን ትታ ስትከንፍ ብትደርስ ከእትዬ ፋንቱ ጋር ስለ አንድ የድሮ ሰፈር አውቶቡስ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር እየተከራከሩ አገኘቻቸው። "አሁን አልፎልኛል፤ አንቺ ግን ሥራሽን ለምን ፈታሽ?" ብለው ተቆጧት። ወደ መኪናዋ ስትመለስ እየሳቀች ነበር፤ ኮቷን ሱቅ ጥላ ብትመጣም በረደኝ አላለችም።

የምድጃውን ነገር ሰብለ ለሂሩት አልተናገረችም። መናገር ያለባቸው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂሩትና ጋሽ ሰይፈሥላሴ መኪናቸው አጠገብ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ፣ ከዚያም ሂሩት የወንድሟን ኮት ኮሌታ ስታስተካክል አይታለች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቀችም።

ጃንዋሪ 2022 አዲሱ የኮቪድ ዓይነት ከተማውን ሲያጥለቀልቀው፣ ቤቱ ለጊዜው ጎብኚ ላይቀበል እንደሚችል መልእክት ላከ። ሰብለ ሱቋን ዘግታ በዚያው ቀን አባቷን አወጣቻቸው። ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናዋን ተክላ አብራቸው ዋለች፤ ጨው ያለው ምግብ በሉ፤ ሽንት ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጥሩ ቀናት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን አቶ ብዙነህ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

"ምን ሆንክ አባዬ?"

"ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው" አሉ አፍረው። "ሂሩት ልውሰድሽ ብትላቸው እዚሁ እሆናለሁ ብለዋል አሉ። ማን ያጫውታቸዋል?"

"አልዘጋንም ብለው ደውለዋል። ጎብኚ ይገባል፤ በማስክ።"

"እንግዲያው መልሺኝ።"

መለሰቻቸው። ልቧ ግን አሁንም አንዳንድ ማለዳ ባዶውን ክፍል አልፋ ስትወጣ ይሸማቀቃል፤ ያ ስሜት ይጠፋል ብላም አትጠብቅም።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ ሽሮና ጎመን በዕቃ ይዛ ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ የሙሽሮች ልብስ ስትሰፋ ከርማለች። አባቷ ክፍላቸው ውስጥ አልነበሩም። እስኪመጡ ብላ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ አረፍ አለች። ፀሐይ ነበረች።

ስትነቃ ጋቢያቸው ትከሻዋ ላይ ነበር። አባቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሽሮውን ድምፅ እንዳያሰሙ ተጠንቅቀው ይበላሉ። መድኃኒት ይዛ የመጣችው ነርስ በሩ ላይ ቆማለች። አቶ ብዙነህ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ማይ ዶተር" አሉ በሹክሹክታ። "ቬሪ ታየርድ።" ልጄ ናት፣ በጣም ደክሟታል ማለታቸው ነው።

ነርሷ እግሯን አቅልላ ተመለሰች። ሰብለ ነቅታለች፤ ዓይኗን ግን መልሳ ጨፈነች።