በእሌኒ ክንድ ውስጥ ያለችው ንብ

ዲላ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው እሌኒ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ የቀኝ እጇን ጣቶች ግራ ክንዷ ላይ ታሳርፋለች። ለኩላሊት እጥበት ተብሎ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ ነው። ደሙ ደህና ሲያልፍ፣ ከቆዳዋ በታች ንብ የገባች ይመስል እዝዝ ይላል። ያን ዕለት ግን ዝም አለባት።

ጣቷን ወደ ላይ ወሰደች፤ ወደ ታች መለሰች። ምንም የለም። ቀኝ ክንዷ ላይ እንዲሁ የተገናኘላት አምና ደም ረግቶበት ተዘግቷል። ይሄም ከተዘጋ የሚቀራት አንገቷ ላይ የሚገባው ቱቦ ነው፤ የሱን መከራ ደግሞ ታውቀዋለች።

«ሰብስቤ! ተነስ፣ እጄ ሞተብኝ!»

ባሏ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ባጃጅ ጠራ። መንገድ ላይ እሌኒ ክንዷን እንደ ሕፃን ታቅፋ «ቀስ በል» ትላለች፤ ሰብስቤ «ፍጠን እንጂ!» ይላል።

«መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» አላቸው ሾፌሩ።

እጥበት ክፍል የተቀበለቻቸው ነርሷ ሀምዲያ ናት። የእሌኒን የደም ግፊት ለካች፤ በጣም ወርዷል። ማዳመጫዋን የእሌኒ ግራ ክንድ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«አለ» አለች ሀምዲያ። «ደክሟል እንጂ አልተዘጋም። ትናንት ምን ጠጣሽ፣ እትዬ?»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ? ውኃ ቀንሺ ብላችሁኝ የለ? ከጾሙ ጋር አንድ ላይ ጭራሽ ተውኩት።»

«ቀንሺ አልን እንጂ ተዪ አልን? ሰውነትሽ ሲደርቅ ግፊትሽ ይወርዳል፤ ደሙ ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ይረጋል!»

«አንቺስ ጾመሽ የለም?»

«ረመዳን ነዋ። የኔ ኩላሊት ግን ይሠራል።»

«የነፍስ አባቷም አትጹሚ ብለዋት ነበር» አለ ሰብስቤ። «ከሳቸው በላይ ጻድቅ ልሁን ብላ ነው!»

ሐኪሙ ክንዷን በአልትራሳውንድ አይቶ ፈሳሽ አዘዘላት። ሀምዲያ መርፌውን በእሌኒ ቀኝ እጅ ጀርባ ላይ ሰካችላት። ፈሳሹ ጠብ ጠብ ሲል እሌኒ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ክንዷ ሄዱ። እዝዝ።

የሰብስቤን ጣት ይዛ እዚያው ላይ አሳረፈችው። እስከዛሬ ፈርቶ ነክቶት አያውቅም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይላል?»

«እንዲህ ሲል ነው የምኖረው።»

ሰብስቤ ጣቱን ሳያነሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሀምዲያ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይዛ መጣች። እሌኒ ተቀብላ፣ በጾመኛ ፊት መጠጣት ቢከብዳት ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ዙሪ፣ እትዬ» አለች ሀምዲያ እየሳቀች። «ከንግዲህ አንቺን አላምንም። ስትጠጪ ማየት አለብኝ።»