የዓፊያ ላቫጆ ውሃ

ዓፊያ ከሚሴ መውጫ ላይ ባጃጅና ሚኒባስ የምታጥብበት ላቫጆ አላት። ዘይት ትቀይራለች፣ ጎማም ትነፋለች፤ የማትችለው ነገር አለ ካሏት ትቀየማለች። ችግሯ ውሃው ነው። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ኦሞ ተዋህደው እንደ ወተት ነጥተው በቦዩ ይወርዳሉ፤ ቦዩ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ይገባል።

የጨፋው ከብት አርቢ አያ ጀይሉ፣ ላሞቼ ወንዙን መጠጣት እምቢ አሉ ብለው ለቀበሌ ከሰሱ። ቀበሌውም ሽማግሌዎች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አይተው ካልተስማሙ ላቫጆው ይታሸጋል አለ። ዓፊያ በእጇ ምንም መላ ሳይኖር ይምጡና ይዩ አለች። የምትተዳደረው በዚያች ላቫጆ ነው፤ ሌላ ገቢ የላትም።

የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህሩ ማስረሻ፣ የታመቀ አየር ዘይቱን ከውሃው ለይቶ ወደ ላይ ያወጣዋል አላት። ወደ ላይ ሲላት የታያት ከተናጠ ወተት የሚወጣ ቅቤ ነው። የጎማ መንፊያውን ቱቦ በርሜል ውስጥ ከታ አየሩን እስከ ጥጉ ለቀቀችው። በርሜሉ ተንተከተከ፣ አረፋው ፊቷን አለበሳት፣ ውሃው ግን ይባስ ነጣ። ማስረሻ ሲመጣ ሳቁን መያዝ አቃተው። ወተት ሲናጥ ቅቤ ይለቃል፣ ይሄ ግን በናጥሽው ቁጥር ይበልጥ ይዋሃዳል አላት። ተናደደች፤ ግን ገባት።

ውሃውን ከአየር ጋር አሮጌ የኮምፕረሰር ጋን ውስጥ አምቀው አሳረፉት። ከዚያ ቧንቧውን በቀስታ ከፍተው ወደ በርሜል ሲለቁት፣ ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ አረፋዎች ዘይቱን ተሸክመው ወጡ። ደጋግመው ሲያደርጉት ከሥር ያለው ውሃ ጠራ። ዓፊያ ጥቁሩን ዘይት በጣሳ እየገፈፈች ደስታዋን አልደበቀችም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ጀይሉ ውሃውን በመዳፋቸው ጨልፈው አሸተቱ።

"ለሶላት በዚህ ውዱእ ታደርጊያለሽ?" አሏት።

ሁሉም እሷን አዩ። አዎ ብትል ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

"አላደርግም፣ አያ። ሽታው አለቀቀውም። ላሞችዎም አይጠጡትም። ቦዩን ትናንት በሲሚንቶ ደፍኜዋለሁ፤ ውሃው ተመልሶ መኪና ያጥባል እንጂ ቦርከና አይደርስም።"

አያ ጀይሉ ቦዩ ድረስ ሄደው ሲሚንቶውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። ተመልሰው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ዱጋ ነው፣ እውነቷን ተናገረች" አሉ ለሽማግሌዎቹ። ወደ እሷ ዞረው ደግሞ፣ "አደርጋለሁ ብትይኝ ኖሮ በገዛ እጄ ነበር የማሽግብሽ።"