ወንዱ አሞራ ያረፈደበት ቀን

ስቶይና ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ከአርዳ ወንዝ ማዶ፣ በገደሉ ወገብ ላይ ባለችው ዋሻ ውስጥ ሴቷ ነጭ አሞራ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች። ወንዱ ግን አልመጣም። ሌላ ጊዜ ረፋዱ ላይ መጥቶ ይተካትና እሷ ለመብል ትወጣለች። ዛሬ ቀትርም አለፈ።

ስቶይና በሦስት እግር ከቆመው የሩቅ ማሳያ መነጽር ዓይኗን ታነሳለች፣ ሰማዩን ትቃኛለች፣ ተመልሳ ታጎነብሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጸደይ በገባ ቁጥር ከዚህ ገደል አፍ አትጠፋም። በመንደራችን "የአሞራ ሚዜ" እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም "ከእናንተ ሙሽሮች ይሻሉኛል" ትላለች። ወፎቹ እንዳይደነግጡ ስትል ሳሏን እንኳ በመሀረብ አፍና ነው የምትስለው።

ድንገት ቁራዎች አየች። ወንዙ ከሚታጠፍበት በላይ፣ ከታናሽ ወንድሟ ከዳምያን በረት ጀርባ ይዞራሉ። ከትናንት በስቲያ ተኩላ በጎቹን ዘንጥሎበት ነበር። ትናንት እራት ላይ ራኪያ የሚሉትን አረቄ እየጨለጠ "እነሱም ይቀምሷታል" ሲል፣ ጠመንጃውን ማለቱ መስሏት ዝም ብላለች።

መነጽሩን እንደተተከለ ትታ ዳገቱን ሮጠች። ዳምያን አጥር ይጠግናል። ውሻው ሙርጆ እግሩ ሥር ተጋድሟል።

"ምን አደረግህ?"

"ደህና ዋልክ ይባላል፣ እትዬ።"

"ዳምያን! የሞተችው በግ ሥጋ ውስጥ ምን መርዝ ጨመርክ?"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ለተኩላው ነው። ለአንቺ ወፎች አይደለም።"

"አሞራ የማን ድግስ እንደሆነ ጠይቆ ነው የሚበላው?"

"ጠዋት በድንጋይ ከድኜዋለሁ እኮ!"

"ቁራዎቹ ከፍተውልሃል። ተነስ፣ ምራኝ!"

"ቆይ እስቲ፣ ይቺን ምስማር—"

"በእናታችን አጥንት፣ ካልተነሳህ ብቻዬን በእጄ ነው የምጎትተው!"

ተነሳ። በጥዱ መሀል እየተደነቃቀፉ ሮጡ። ድንጋዮቹ ተፈነቃቅለዋል። አንድ ቁራ ክንፉን ዘርግቶ ሞቷል። ከሥጋው ጥቂት ራቅ ብሎ ነጩ አሞራ ቆሟል፤ ቢጫ ፊቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣ ሄድ መለስ እያለ።

ስቶይና ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች።

"ሂድ! ጥፋ ከዚህ! አንተ ከርሳም!"

የመጀመሪያው ሳተው። ሁለተኛው ክንፉን መታው። እያለቀሰች ሦስተኛውን ስትወረውር ከመሬት ተነሳና ገደሉን ተሻግሮ ሄደ። ዳምያንም በዱላ ቁራዎቹን እየጮኸ በተነ።

"በልቶ ይሆን?" አለች እያለከለከች።

"እኔ እንጃ።"

"አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?"

ወደ ሥጋው ሲዞሩ ሙርጆ አፉን እየላሰ ነበር። ውሻው ሲከተላቸው አንዳቸውም ልብ አላሉም ነበር።

ዳምያን የውሻውን መንጋጋ ፈልቅቆ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። አስመለሰው። ታቅፎት ቁልቁል ሮጠ። በረቱ ሳይደርሱ የውሻው እግሮች ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ ቀጥ አሉ። ስቶይና ሥጋውንና የሞተውን ቁራ በላስቲክ ጠቅልላ እየጎተተች ደረሰችና ከበረቱ ጎን ባለው ባዶ ጎተራ ውስጥ ቆለፈችበት። ወንድሟ ውሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት ተቀምጧል። አጠገቡ ልትቀመጥ ፈለገች። ዓይኗ ግን በራሱ ጊዜ ወደ ገደሉ ይሄዳል።

"ሂጂ" አላት ቀና ሳይል። "ሂጂና እዪው። እሱ እንኳ ይትረፍ።"

ተመልሳ መነጽሩን ዋሻው ላይ አነጣጠረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዱ ዋሻው አፍ ላይ አረፈ፤ ሴቷ ወጣች፤ እሱ ገባ። ስቶይና እፎይ አላለችም። መርዝ ቀስ ብሎም ይገድላል። ጎህ ሲቀድ ተመልሳ መጣች። በሕይወት ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። እንቅልፍ የወሰዳት ግን ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ዳምያን የተረፈውን መርዝ ራሱ ወስዶ ለደን ጠባቂዎቹ አስረከበ፤ ያደረገውንም ሳይደብቅ ነገራቸው። አሁን በሙርጆ ፋንታ ሌሊት በረቱ ውስጥ የሚተኛው እሱ ነው።

በበጋ አንድ ቀን ሳትጠራው ገደሉ አፍ ድረስ መጣ። ስቶይና ቦታ ለቀቀችለት። በዋሻው ውስጥ ጥቁር ቡናማ ጫጩት ክንፏን ታራግባለች። ረጅም ጊዜ አየ።

"ሙርጆ እኮ ገና ወጣት ነበር" አለ፣ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ።

ስቶይና እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።