የጫኔን ጆሮ ብርድ አልመታውም

ጫኔ ጆሮዬን ብርድ ነው የመታኝ ብሎ ድርቅ አለ። በኩዌት ነሐሴ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት ወር፣ ብርድ! ኸይጣን ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል የሚጋሩት ሞተረኞች መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ግን ሳቁ አለቀ። ጫኔ ከሥራ በገባ ቁጥር ኤሲውን ያጠፋል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል፣ በላዩ ላይ ሻርፕ ይጠመጥምና ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ላብ በላብ ሆነው ያፈጡበታል።

«ሰውዬ፣ ልትገድለን ነው እንዴ?» አለው ሙሐሲን። ሙሐሲን የአልጋ ጎረቤቱ ነው፤ እንደ እሱ ምግብ በሞተር የሚያደርስ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ የወሎ ልጅ።

«ይሄ ኤሲ ነው ጆሮዬን የበላው። ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋብኝ ያድራል።»

«እኛስ? ለእኛ ፀሐይ ነው የሚነፋው?»

«የእናንተ አልጋ በዚያ በኩል ነዋ!»

ምን ይደረግ? እኛ አገር ሰው ታክሲ ውስጥ በላብ ቢጠመቅም መስኮት አያስከፍትም። ራስ ምታቱም፣ የጥርስ ሕመሙም፣ የአንገት መድረቁም ብርድ ነው። ጫኔ ያደገው በዚህ ነውና ጆሮው መጮህ ሲጀምር ኤሲው ላይ ፈረደ። የሚያናድደው ሌላው ነው። ያንን ጥጥ ጠዋት ጠዋት ከጆሮው አውጥቶ ትራሱ ሥር ይደብቅና ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ቀን ሙሉ ከአቡ ሐሊፋ ሳባህ አል-ሳሌም፣ ከዚያ ኸይጣን ሲበር ጆሮው ባዶውን ነው።

ባዶውን ብቻ በሆነ! ድርጅቱ የሰጠው ሄልሜት ከእሱ በፊት የስንቱን ጭንቅላት እንደተሸከመ እንጃ፤ የውስጡ ስፖንጅ አልቆ ራሱ ላይ እንደ ድስት ይሽከረከራል። ከአገጩ ሥር የሚገባው ንፋስ ውስጥ ሆኖ ያገሣል። በዚህ ላይ የድርጅቱ ሕግ አለ። ሞተረኛ ሁሉ ከሄልሜቱ ሥር ማዳመጫ ይሰካል፤ ቢሮ ሲደውል ሳይቆም ይመልሳል። ንፋሱ ድምፁን ከዋጠው ድምፁን መጨመር ነው። ጫኔም ጨመረ፣ ጨመረ፣ በመጨረሻ የሚጨመር ጠፋ።

ይህ ጆሮ ደግሞ ለጌጤነሽ የሚያስፈልግ ጆሮ ነው። ጌጤነሽ ሚስቱ ናት፤ ሳባህ አል-ሳሌም ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። በአካል የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው፤ ትዳራቸው ያለው ስልክ ውስጥ ነው። ማዳም ሠራተኛዋ ስልክ ስታወራ ማየት አትወድም። ስለዚህ ጌጤነሽ አመሻሹ ላይ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ትገባና አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ታወራዋለች። የዋለችበትን፣ የእናቷን ወሬ፣ ናፍቆቷን፣ ሁሉንም በሹክሹክታ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጫኔ የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። «ምን? ምን አልሽ?» ይላል። እሷ ትደግማለች፤ እሱ አሁንም ምን ይላል። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና «ኧረ ጮክ በይ!» ብሎ ተቆጣት። ምስኪን፣ ጮክ አለች። ማዳም በሩን ከፈተች። ስልኩ ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣት አርብ ከሰዓት ብቻ፣ ያውም የማዳም ሕፃን አጠገቧ ተኝቶ ሳለ ነው። ሹክሹክታው አልቀረም፤ የቀረው የየዕለቱ ወሬ ነው።

«በገዛ አፌ ሚስቴን አስቀማሁ» አለ ጫኔ ለሙሐሲን። ጥጡን እየወተፈ አለቀሰ።

ሙሐሲን በማግስቱ እጁን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው። ሐኪሟ ጆሮውን አየች፣ በመሣሪያ ፈተነችው፣ ከዚያ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሙሐሲን በአረብኛው እየተረጎመ መለሰ። ስለ ኤሲ ሲነግራት ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። ጆሮውን የጎዳው ሞተሩ ላይ የሚያገሣው ንፋስና በንፋሱ ላይ የተጨመረው የማዳመጫ ጩኸት ነው አለች። የሄደው አይመለስም። የቀረው ግን ይጠበቃል፤ ልክ የሆነ ሄልሜት፣ ከአገጩ ሥር ንፋሱን የሚዘጋ ጨርቅ፣ ጆሮው ውስጥ የስፖንጅ ውታፍ፤ ማዳመጫ ደግሞ ፈጽሞ አይሰካም።

ውታፏን ማስገባት ራሱ ትምህርት ነው። በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ ከገባች በኋላ እስክታብጥ በጣት ይዞ መቆየት። ጫኔ መጀመሪያ ፈራ፤ መኪና ሳልሰማ ብገጭስ? የጠፋው ግን ግሣቱ ነው እንጂ ክላክሱ አልነበረም። እንዲያውም ከኋላው የሚመጣው ሙሐሲን ሲያንጫርር ጥርት ብሎ ተሰማው። ከሞተር ሲወርድ ሁልጊዜ የሚከተለው ፉጨት ለዘብ ብሏል። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደሙ ፈላ። የጣት ጫፍ በማታህል ስፖንጅ! ይህን የሚነግረው አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ቢሮ የተጠራው በዚያው ሳምንት ነው፤ ስልክ አያነሳም ተብሎ። የሞተረኞቹ አለቃ ቢንያም የአገር ልጅ ነው፤ እሱም ድሮ ሞተረኛ ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ይዞ ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ይጮሃል። ጩኸቱን የሰሙ ሞተረኞች ሹመት አናቱ ላይ ወጣ ይሉታል።

«ማዳመጫህ የታለ?» ብሎ ጮኸ፣ ጫኔ ገና በሩ ላይ እያለ።

«ሐኪም ከልክላኛለች።»

«ሐኪሟ ናት የምታሠራህ? ደንበኛ ሲጠብቅ፣ እኔ ስደውል፣ አንተ ጆሮህን ደፍነህ ትንሸራሸራለህ!»

«ጆሮዬ እየሄደ ነው፣ ቢኒ። ሚስቴን መስማት አቃተኝ።»

«ኸላስ፣ በቃ! ነገ ማዳመጫውን ካልሰካህ ቁልፉን ታስረክባለህ።» ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።

ጫኔ በቢንያም ግራ በኩል ቆሞ ቀረ። ሊጮህበት ፈለገ፤ የወጣው ግን ልክ እንደ ጌጤነሽ ሹክሹክታ ነበር። «ምነው ቢኒ፣ ምነው ጨከንክ?»

ከክፍሉ ወዲያ ጥግ ትዕዛዝ የምትቀበለው ሳራ ቀና አለች። አጠገቡ ያለው ቢንያም ግን አልተንቀሳቀሰም። ጫኔ ደገመው። ሳራ በድንጋጤ ሁለቱን አየቻቸው።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምታፈጪው?» አለ ቢንያም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለጫኔ የገባው። የቢንያም ስልክ ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮው ላይ ነው። የእንግዳው ወንበር በቀኙ ነው። ያ ሁሉ ጩኸትም የሹመት አልነበረም። ዞሮ በቀኙ መጣና «የግራው አይሰማም አይደል?» አለው።

ቢንያም ወንበሩን ወደ ጫኔ አዞረ። ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሞተር ላይ እያለሁ ነው። እኔም ብርድ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት ስከትበት ነበር።»

«ኋላስ? ሐኪም አልነገረህም?»

«ነገረኝ።»

«ነገረኝ?» አለ ጫኔ። «ነገረኝ ትላለህ? እያወቅህ? እኛ ክፍል ውስጥ ኤሲ እያጠፋን በላብ ስንጠበስ፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ያንተን ጆሮ የበላውን ነገር እኛ ጆሮ ላይ ታሰካለህ?»

«ከላዬ ያለው ሙዲር ስልክ የማያነሳ ሰው አልፈልግም ይላል። እኔ ምን ላድርግ?»

«አፍ የለህም? ጆሮህ እንጂ አፍህ መቼ ሄደ! ሰው አይደለህም? አንዲት ቃል፣ 'ጆሯችሁን ጠብቁ' የምትል አንዲት ቃል አቅቶህ ነው?»

ማዳመጫውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ትዕዛዝ ካለ ይጻፍልኝ፤ ቆሜ አነባለሁ። ካልሆነ አባረኝ።»

 ሳራ ናት ከጥጉ «እኔ እጽፍለታለሁ» ያለችው።

ጫኔን ማንም አላባረረውም። ትዕዛዙ በጽሑፍ ይመጣል፣ ዳር ይዞ ቆሞ ያነባል። ለሌሎቹ ግን ያው ማዳመጫ፣ ያው ጩኸት ነው፤ ቢንያም አሁንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሙሐሲንም ማዳመጫውን ለቢሮ መልሷል፤ የቀሩት ሥራችንን እናጣለን ብለው ይፈራሉ። 

አርብ ከሰዓት ጌጤነሽ የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ ሙሐሲን ማንም ሳያዘው ተነስቶ ኤሲውን አጠፋ። የሚንኳኳ፣ የሚንጎራጎር ነገር ሁሉ ቆመ። ክፍሉ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። ማንም ግን አላጉረመረመም።

ስልኩ ጠራ። ጫኔ የሚሻለው ጆሮው ላይ አጥብቆ ለጠፈው።

«ትሰማኛለህ?» የሚል ትንፋሽ መጣ።

«እየሰማሁሽ ነው።»

ስለ እናቷ ጀመረች። ከዚህ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ቃል ይጠፋዋል፤ በቀረው ይገጣጥመዋል። አንድ ቦታ ላይ ዝም ሲል ጊዜ ፈራች። «ጮክ ልበል እንዴ?»

«አይ! እንዳትይ! እንዲሁ አውሪኝ።»

በዚህ መሃል ስልኩ ጆሮው ላይ ተንቀጠቀጠ። ነጠል አድርጎ አየው፤ መስታወቱ ላይ የቢንያም ስም ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ጫኔ ቢንያምን እንዲጮህ ተወውና ጆሮውን ወደ ሚስቱ መለሰ።