ከጩኸቱ በፊት

ባይደውልስ፣ ይደውላል፣ የማዶው ጸጉር አስተካካይ እደውላለሁ ብሎ ቀርቶ አያውቅም፣ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ አስቀምጦም ቢሆን ይደውላል፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ እኔም እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት አፍጥጬበታለሁ፣ ዓይኔን ካነሳሁበት የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። ጩህ። ወይም አትጩህ። እስካልጮህክ ድረስ ወንድሜ አልሞተም።

ሞቷል ይላሉ። ተገድሏል ይላሉ፣ ከወንዙ ማዶ ከባድ መኪናውን አስቁመው አወረዱት ይላሉ። ማን አየ? ማንም። ማን ሰማ? ሰፈሩ በሙሉ።

ግቢው ጢም ብሏል፣ በመስኮቱ ይታየኛል፣ ጎረምሶቹ ዱላ ይዘዋል፣ ቀና ስል ከጀርባቸው ይደብቁታል፣ ገና ያፍሩኛል ማለት ነው፣ እስካፈሩኝ ድረስ ጊዜ አለኝ። እናቴን መሃላቸው ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። አታለቅስም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፣ እኔ ላይ፣ ትንሽ ሆኜ ስኳር ሰርቄ ስገባ እንደምታደርገው ፊቴን ታነበዋለች፣ እማ አትይኝ፣ እባክሽ ሌላ ነገር እይ፣ እኔም እኮ ገና አላወቅሁም።

የአክስቴ ልጅ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ከጋራዡ በቀጥታ ነው የመጣው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። እታለም፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? እስኪደወል። ሰላም በስልክ! ይላል፣ ይስቃል፣ ሳቁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ሳቅ ነው፣ ክላክስ እኮ ነው እታለም፣ የኛ ክላክስ! ማን እንደሆነ ለኔ ትነግረኛለህ፣ እለዋለሁ፣ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ፣ ውጣና እነዚያን ልጆች ያዝልኝ። እይዛቸዋለሁ፣ ግን ብዙ አልችልም፣ እኔንም የሚይዘኝ ሰው ፈልጊ፣ ብሎኝ ይወጣል። እውነቱን ነው።

ክላክስ። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ ከባድ መኪና መንዳት ከጀመረ ወዲህ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ሳያንባርቅ አልፎ አያውቅም፣ እናቴ ይሄ ልጅ ሊያደነቁረኝ ነው እያለች እየሮጠች በር ትከፍታለች፣ ዛሬም እዚህ እስኪያመጧት ድረስ በሩን ከፍታ ነው የጠበቀችው፣ ያንባረቀ የለም።

ግድግዳው ላይ ያለው ባነር አንድ ጥጉ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፣ «በግጭት በተጎዱ አካባቢዎች ዘላቂ ሰላምን በመገንባት ረገድ የሲቪክ ማኅበራት ሚና»፣ አሰልጣኙ ከረባቱን አጥብቆ አስሮ ባለድርሻ አካላት፣ ባለድርሻ አካላት ሲል ዋለ፣ ደግ ሰው ነበር፣ የወንዙን ድልድይ ግን ሳይረግጠው ተመለሰ። ሚናችን ይኸውልህ ጌታዬ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ። የማዶዎቹ ስልክ ደግሞ ጸጉር ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ስር ነው። ወሬ ሲነሳ እንደዋወላለን፣ ከኛ አንድ ሰው፣ ከነሱ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄደው በዓይናቸው ያያሉ፣ ሁለቱም ሳያዩ ምንም አይነገርም፣ የሞተ ሰው ካለ ደግሞ የሚናገረው የራሱ ቤተሰብ ነው፣ ሌላ ሰው ከተናገረውማ ይጨመርበታል። እና ደግሞ ያቺ ደንብ፣ መጀመሪያ የተጣራው ይነገር፣ ልቅሶው ከዚያ በኋላ ይሁን የምትለዋ። ያስገባኋት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ።

በወፍጮ ቤቱ ጊዜ ነው። ጢስ ታየ ተባለ፣ ወፍጮውን አነደዱት ተባለ፣ የባለወፍጮው ሚስት ቤቷ ሆና እሪ አለች፣ እሪታዋን የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ድልድዩን ተሻገረ፣ ሲመሽ የሰው ቤት አቃጥለው፣ የሰው ልጅ ገድለው ሲመለሱ ባለወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል፣ ምን ሆናችሁ ነው? ይላቸዋል። የነደደው ገለባ ነበር። ምን ሆናችሁ ነው፣ ይህን ቃል ስንቴ በእንቅልፌ ሰምቼዋለሁ፣ ለዚህ ነው ስብሰባው ላይ ተነስቼ ሐዘንተኛው እሪታውን ይያዝ ያልሁት፣ አጨበጨቡልኝ። የሌላ ሰው እሪታ ነበራ። የሌላውን ሰው እሪታ መያዝ ምን ይከብዳል።

ጮኸ።

አቤት። እህቴ፣ ይላል ጸጉር አስተካካዩ፣ ሁሌ በቀልድ ነበር የሚጀምረው፣ የናንተ ሰፈር ሰው ጸጉር ረዘመ ምናምን እያለ፣ ዛሬ አይቀልድም፣ ገባኝ፣ ተወው አትንገረኝ፣ ንገረኝ። ተቀምጠሻል? አዎ። አይቼዋለሁ እህቴ። የለም። ጎማ ፈንድቶበት ነው፣ ከጠመዝማዛው ወርዶ ገደል ገባ፣ የሰው እጅ አልነካውም።

የሰው እጅ አልነካውም። ምን ሊልሽ ኖሯል፣ ገደልነው ሊልሽ? የማዶ ሰው አይደለም እንዴ፣ ስንት ወሬ አብረን አክሽፈናል፣ የልጁን መታመም ሲነግረኝ አብሬው ተጨንቄ አድሬያለሁ፣ ይኸው አሁን በአንድ ቃል ማዶ ሆነብኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ጋሼን አገናኘኝ፣ እለዋለሁ። አይቀየመኝም። እሺ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ይላል።

ጋሼ የኛ ወገን ዓይን ናቸው፣ አስተማሪዬ ነበሩ፣ ሲጠየቁ ለይሉኝታ እንኳ አይዋሹም፣ የሠርጌ ዕለት ቀሚሴ እንዴት ነው ብላቸው ጠቦሻል ያሉ ሰው። ጋሼ፣ እንደዚያን ቀን ይንገሩኝ። ልጄ፣ ጎማው ነው፣ የፊተኛው፣ ቅዳጁ አስፋልቱ ላይ አለ፣ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፣ ገላውንም ገልጬ አይቻለሁ፣ ጥይት የለ፣ ዱላ የለ። ገደሉ ገብተው ያወጡት የዚህ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ አንደኛው እጁ ተሰብሯል። እርግጠኛ ነዎት? ዋሽቼሽ አውቃለሁ? አያውቁም ጋሼ። አንዴ እንኳ ዋሽተውኝ ቢሆን ኖሮ አሁን የምይዘው ተስፋ አይጠፋም ነበር።

ስልኩ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ይመለሳል። ፊቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ጢሙንም አስተካክዬለታለሁ፣ እናታችሁ ስታየው እንዳትደነግጥ። ግቢው ከተረጋጋ ድልድዩ ድረስ እናመጣዋለን፣ ካልተረጋጋ የሚሸከሙት ልጆች ይፈራሉ እህቴ። ይረጋጋል፣ እላለሁ። በምን አፌ እንዳልኩት አላውቅም።

እሪታው ከሆዴ ተነስቷል፣ ደረቴ ላይ ደርሷል፣ አይሆንም፣ ቆይ፣ በሩ፣ እጀታው፣ ደረጃው፣ አንድ ቃል ሳልናገር እሪ ብል ዱላው በሙሉ ከጀርባ ይወጣል፣ ጢሙን ያስተካከለለትን ሰው ሄደው ይገድሉታል፣ በወንድሜ ስም፣ ክላክስ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ማየት አይወድም ነበር።

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ይዞራል። እናቴ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ወደ እሷ እንዳላይ፣ የአክስቴን ልጅ ልይ፣ ግራሶውን ልይ፣ ተናገሪ።

ወንድሜ ሞቷል፣ እላለሁ፣ አንድ ሰው አህ ይላል፣ ሰዉ ይናወጣል፣ ዝም በሉ! አልጨረስኩም! ጎማ ፈንድቶበት ገደል ገብቶ ነው፣ የገደለው ሰው የለም፣ ጋሼ በዓይናቸው አይተዋል፣ ጸጉር አስተካካዩም አይቷል፣ ከገደል ያወጡት የማዶ ልጆች ናቸው፣ ፊቱን አጥበው እስከ ድልድዩ እያመጡልን ነው፣ ዱላ የያዘ ሰው አብሮን እንዳይመጣ። ድምፄ የኔ አይመስልም፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው፣ ግን አልተሰበረም።

የአክስቴ ልጅም ዱላ ይዞ ኖሯል፣ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ሌላውም። ሌላውም።

አሁን አያታለሁ። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳዋለች፣ ለካ እሷም እሪታዋን ይዛ ነው፣ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ደንባችንን ስትጠብቅልኝ ነው የዋለችው፣ ጨረስሽ? ትለኛለች በዓይኗ።

ጨረስኩ እማ። ልቀቂው፣ ሻሹን ልቀቂው፣ ነይ፣ አሁን