የአቶ ገብረመስቀል ኮት

አንባቢ ሆይ፣ በመጀመሪያው ጉርድ ፎቶግራፍዎ ላይ የለበሱት ኮት የማን ነበር? አይሽኮርመሙ፤ ይመልሱ። አዲስ አበባ ያደጉ እንደሆነ የአባቴ ነው ይሉ ይሆናል። ነቀምት፣ ሲሬ ወይም ጊዳ አያና ያደጉ እንደሆነ ግን መልሱን እኔው አውቀዋለሁ። የአቶ ገብረመስቀል ነው።

አቶ ገብረመስቀል ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምት ገበያ ዳር ፎቶ ቤት ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የፎቶ ቤቱ ዕቃ አንድ ካሜራ፣ ወለሉ ላይ በሚስማር የተመታ አንድ ወንበርና ከነክራባቱ አንድ ኮት ነው። የኮቱ ግራ ኮሌታ ላይ ካውያ የበላው፣ ቅጠል የሚመስል ጠባሳ አለ። ሁለተኛው ቁልፍ ጠፍቶ ከሌሎቹ በነጣ ቁልፍ ተተክቷል። ጀርባ የለውም። ወፍራሙም ቀጭኑም እንዲገባበት ባለቤቱ ከአንገት እስከ ታች በመቀስ ከፍለውታል፤ ተነሺው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከኋላ በሪባን ያጠብቁታል ወይም ያላሉታል። የወለጋ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ወንጌላዊ፣ ሙሽራና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ሁሉ በዚህ ጀርባ በሌለው ኮት ተከብሮ ኖሯል። ማንም አላፈረበትም፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም።

ሎሚ ዋቅወያ ተማሪዬ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረሰች ከጤና ፊልም መኪና ጋር በአስተርጓሚነት ትዞር ጀመር። መኪናው ሸራውን ይዘረጋል፣ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ሎሚ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ሲሬ ላይ በኦሮምኛ፣ ጊዳ አያና ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ትናገራለች። ፊልሙ ‹ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ› ብሎ ሲያበቃ እሷ አታበቃም። ውኃ አላፈላም ያለችው ሴትዮ ከአማቷ ጋር በምን እንደ ተጣላች፣ ባሏ ለማን እንዳደላ ከራሷ ጨምራ ታወራለች። በሚቀጥለው ወር ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ የሚመጣው ውኃ ሲፈላ ለማየት አይደለም፤ የሴትዮዋን መጨረሻ ለመስማት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊልም ካልተማረ ማን ሊማር ነው?

በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ኮሌጅ የፊልም ሥራ ትምህርት ከፈተ። ከመላው አገር በቃል ፈትኖ የሚቀበለው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ማስታወቂያው፣ ‹አመልካች ኮትና ክራባት ለብሶ የተነሣውን ጉርድ ፎቶግራፍ ያያይዝ› ይላል። ጸሐፊው ሴት ታመለክታለች ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ሎሚ ግን የተጻፈውን አንብባ የተጻፈውን ፈጸመች። ኮቱን ለበሰች፣ ክራባቱን አሰረች። አቶ ገብረመስቀል ሪባኑን እስከ መጨረሻው ስበው፣ “አንገትሽን ቀና አድርጊ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳኛ መስለሻል” አሏት። በዚያው ሳምንት ስድስት ወንዶችም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተነሡና ሰባቱ ማመልከቻ በአንድ ፖስታ ሄደ።

በወሩ መልስ መጣ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ ‹ሰባቱ አመልካቾች የአንድን ሰው አካል ፎቶግራፍ አባዝተው የየራሳቸውን ራስ ቆርጠው በመለጠፍ፣ ይልቁንም አንዷ በወንድ አካል ላይ የሴት ራስ በማድረግ፣ ኮሚቴውን ለማታለል ስለ ሞከሩ ማመልከቻቸው ተሰርዟል።› ፈራሚው የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ተካ ወልደዮሐንስ ናቸው።

ሰባት ልጆች አንድ ኮት ስለ ለበሱ ቀጣፊ ተባሉ። ከመወሰኑ በፊት ነገሩ እንዴት ነው ብሎ አንዲት መስመር የጻፈልን የለም። የክፍሉ አንደኛ የነበረው ነገራ አባቱ እንዳያዩበት ደብዳቤውን ጫማው ውስጥ ደበቀው። ሌላው አመልካች ጨመዳ፣ ፊልም የሚባል ነገር እንዳይነሣብኝ አለ። ሎሚ ግን በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

“ኦቦ ገብረመስቀል፣ ኮቱን ያውሱኝ” አለች።

“ኮቱ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።”

“የቃል ፈተናው ዓርብ ነው። በዓይናቸው ካላዩት አያምኑኝም።”

አቶ ገብረመስቀል ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ‹ራስ ቆርጠው በመለጠፍ› ከሚለው ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ፤ የሃያ ዓመት ሥራቸው መሰደቡ ነው። የፈራሚውን ስም ስጠራ ደግሞ እንደገና እንድጠራው አዘዙኝ። ጠራሁት። ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ።

“ኮቱ ብቻውን አገር አያቋርጥም” አሉ። “እኔም እመጣለሁ።”

እንዲህ ሆኖ ነቀምት ለአራት ቀን ያለ ፎቶ ቤት ቀረች። አቶ ገብረመስቀል ኮቱን በአንሶላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጡ። ሲሬ ላይ አንዲት ሻጭ በመስኮት አይታቸው ልጁን ምን አገኘው ብላ አዘነችላቸው። እሳቸውም፣ ስም አጥፍተውበት ለክስ መሄዱ ነው አሏት።

የኮሌጁ ዘበኛ ስማችን ተሰርዟል ብሎ በሩ ላይ አገደን። ስለ አቤቱታ መብት ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ያስገባን የእኔ ንግግር ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ዘበኛው የወለጋ፣ የነጆ ሰው ነበርና አንሶላው ሲገለጥ ኮቱን አወቀው። ያገባ ጊዜ የተነሣው በእሱ ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፦ አቶ ተካ፣ ሬዲዮ ውስጥ የሠሩ ወይዘሮ ሐረግወይን የሚባሉ ሴትና አንድ ስዊድናዊ መምህር። አቶ ተካ በወርቅማ መነጽራቸው ላይ ሎሚን አዩና፣ “ባለ ወንድ አካሏ አንቺ ነሽ?” አሏት።

“አካሉ የራሴ ነው ጌታዬ። የተዋስኩት ኮቱን ነው።”

ኮቱን ለበሰችና ዞረች። ከኋላ ቀሚሷ ላይ ከተንጠለጠለው ሪባን በቀር የኮት ምልክት አልነበረም። ወይዘሮ ሐረግወይን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ተካ ግን አልሳቁም። ኮት መዋስ የፊልም ችሎታ ማስረጃ አይደለም ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። እውነት ነው፣ አይደለም።

ሎሚም ይህን ጠብቃ ነበር። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈተች። አቶ ገብረመስቀል ካነሡት ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ያስቀራሉ። ወንበሩ በሚስማር የተመታ ነው፤ ካሜራውም ቦታውን ለቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ኮቱ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ነው። ከተደረደሩት መቶ የሚሆኑትን አንሥታ በአንድ እጇ ያዘቻቸውና ጠርዛቸውን በአውራ ጣቷ ለቀቀችው። ኮቱ ቁጭ እንዳለ ሰው በውስጡ አለፈ። ዳኛው ወንጌላዊ ሆነ፣ ወንጌላዊው ሙሽራ፣ ሙሽራው አርጅቶ ጸሐፊ፣ በመጨረሻም ሁሉም ሎሚን ሆኑ። እሷም በዚያ በሲሬ ገበያ ድምፅዋ ታስተረጉም ጀመር።

“ይህ ኮት ሃያ ዓመት ከወንበሩ ሳይነሣ ወለጋን ሾመ፣ ዳረ፣ አስፈተነ። ሌላውን ሁሉ ሲልክ ራሱ የትም አልሄደም። ዛሬ ገና ሊጠይቃችሁ መጣ።”

ስዊድናዊው ከመቀመጫው ተነሥቶ እንድትደግመው ለመናት። ደገመችው። አሁንም ቀስ አድርጊው አላት። ቀስ አድርጋ ስትለቅ ድንገት ጣቱን አስገብቶ አንዱ ፎቶ ላይ አስቆማት። ፎቶውን አየ፣ አቶ ተካን አየ፣ ተመልሶ ፎቶውን አየ። ወይዘሮ ሐረግወይንም ጎንበስ አሉ። ጆሮው የቆመ ቀጭን ወጣት ነው፤ ግራ ቅንድቡ መሐል ላይ በጠባሳ ተቆርጧል። የአቶ ተካ ግራ ቅንድብም መሐል ላይ ተቆርጧል። ከጀርባው በአቶ ገብረመስቀል እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹ተካ ወልደዮሐንስ፣ የሲሬ መምህር። ለውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻ። 1945 ዓ.ም.›

“ለእርስዎ ሪባኑን ሁለት ዙር አዙሬ ነው ያሰርኩት” አሉ አቶ ገብረመስቀል በትሕትና። “በጣም ቀጭን ነበሩ።”

አቶ ተካ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። “ይመሳሰላል እንጂ እኔ አይደለሁም” አሉና ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

ማን ነው ያንን ፎቶ እዚያ መሐል የከተተው ብዬ ሎሚን ስጠይቃት፣ “ባርሲሳ፣ መምህሬ፣ የደረደሩት እኮ ኦቦ ገብረመስቀል ናቸው” አለችኝ። እሳቸውን ስጠይቃቸው ዓይኔ ደክሟል፣ ማን ማን እንደሆነ አልለየሁም አሉኝ።

በማግስቱ የተቀባዮቹ ስም ተለጠፈ። ሁለት ፈታኞች ደግፈው አንዱ ተቃውመው ሎሚ አሥራ ሁለተኛ ሆና ገብታለች። ‹አቶ ሎሚ ዋቅወያ› ብለው ጽፈዋታል። ኮቱ እንዳይቀየም እንዳለ ይቆይ ብላ አላስታረመችውም።

ለሎሚ ይህ ይበቃታል። ለእኔ አይበቃኝም። የስድስቱ ልጆች ስም እስከ ዛሬ በቀጣፊነት ተመዝግቦ አለ። ነገራ ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢያመለክት ያው ደብዳቤ ቀድሞት ደረሰ። ስለዚህ አቶ ተካ ወልደዮሐንስን የምጠይቀው ለእኔ በግል እንዲጽፉልኝ አይደለም፤ በጋዜጣ ላይ፣ በስማቸው ፈርመው፣ አገር እያነበበ እንዲመልሱ ነው። በ1945ቱ ፎቶ ላይ ያለው ራስ የማን ነው? የራስዎ ከሆነ ስድስቱ ልጆች ንጹሐን ናቸውና ደብዳቤው ይሻር። አይደለም፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚሉ ከሆነ፣ በማን አንገት ላይ ሆነው ነው ውጭ አገር የሄዱት? ፎቶው ነቀምት፣ በአቶ ገብረመስቀል መስኮት ላይ ተሰቅሏል። እስኪመልሱ ድረስ አይወርድም። ይመልሱ።